ማኪ አሬና ከመሄዳችሁ በፊት፦ ከሜዳ ውጭ ጨዋታ ስንገምት የሚደጋገሙ ስህተቶች

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ቡድን ቤቱ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ሲጫወት የማንም ግምት ብዙ አይስትም። በአዳራሹ በኤክስፊኒቲ ሴንተር ውስጥ ቡድኑ የሚያደርገውን ሁሉም አይቶታል። ጣጣው የሚመጣው ቡድኑ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ዌስት ላፋየት (የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ማኪ አሬና ያለበት)፣ ወደ ብሉሚንግተን ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ ሲነሳ ነው። ያኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ የሚሰማው ግምት ያው የሰሞኑ የቤት ግምት ነው፤ የተለወጠው የከተማው ስም ብቻ።

«እዚህ በ5 ረትተናቸዋል፣ እዚያም ቢያንስ በ2 እንረታለን»

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ በየዓመቱ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር አይቀርም። ሰውየው የሜዳ ጥቅም 3 ነጥብ ገደማ እንደሆነ ሰምቷል፤ መስማቱ ጥሩ። ከዚያ 5 ሲቀነስ 3 ብሎ 2 ያገኝና በ2 እናሸንፋለን ይላል። ግን እኮ 3ቱን የቀነሰው አንዴ ብቻ ነው! 5 ነጥቡ የተገኘው እኛ ቤት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችንን ሜዳ ጥቅም አንሱለት፦ 5 ሲቀነስ 3፣ 2 ነጥብ። ይህ ገለልተኛ ሜዳ ላይ ያለን ብልጫ ነው። አሁን ደግሞ የእነሱን ሜዳ ጥቅም ቀንሱ፦ 2 ሲቀነስ 3፣ ከዜሮ በታች 1። ማለትም ያው ቡድን ያው ቡድንን ገጥሞ፣ ማንም ሳይሻሻል ማንም ሳይዳከም፣ በአንድ ነጥብ ትሸነፋላችሁ። ከቤት ወደ ሰው ቤት ያለው ርቀት 3 ሳይሆን 6 ነው። በቤታችሁ ከ6 ነጥብ በታች የረታችሁትን ቡድን ሜዳው ድረስ ሄዳችሁ ስትገጥሙ የምትቆጠሩት ዝቅ ባለው ወገን ነው።

5ቱ ራሱስ እውነተኛ 5 ነው? ይህንን የሚመረምር ሰው የለም። ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ላይ የመጨረሻው 40 ሰከንድ ሌላ ጨዋታ ነው። የሚመራው ቡድን ኳስ ይይዛል፣ ተመሪው ሆን ብሎ ፋውል (ጥፋት) ይሠራል፣ ፍሪ ስሮው (ከፋውል በኋላ ያለ ከልካይ የሚወረወር ኳስ) ይቆጠራል፤ በ2 ልዩነት የነበረ ጨዋታ በ7 ያልቃል። ውጤቱን ሳይሆን 4 ደቂቃ ሲቀር የነበረውን ልዩነት እዩ። ቀጥሎ የሦስት ነጥብ ሙከራውን ተመልከቱ። በዓመቱ 35 በመቶ የሚያስቆጥር ቡድን ያን ቀን 22 ሞክሮ 11 ካገባ፣ ከወትሮው 3.3 ያህል ኳስ አብልጦ አግብቷል ማለት ነው፤ ይህ ወደ 10 ነጥብ ይጠጋል። በ5 የረታችሁት በዚያ ነው። ከእነሱም ወገን ተመሳሳይ ነው፤ እኛን ሲገጥሙ ከ20 ሙከራ 4 ብቻ ያገቡ ከሆነ «መከላከላችን ጨረሳቸው» አትበሉ። ተጋጣሚ ስንት ጊዜ ከሩቅ እንዲሞክር መፍቀዱ የተከላካዩ ሥራ ነው፤ ከሞከረው ስንቱ መግባቱ ግን ከሳምንት ሳምንት የሚዋዥቅ ነገር ነው። ክፍት ሆነው ሞክረው የሳቱትን ኳስ ቤታቸው ያገቡታል።

በጨዋታ አማካይ ነጥብ ማወዳደር

«እነሱ በጨዋታ 84 ያገባሉ፣ እኛ 76» የሚል ግምት ሊጣል ይገባል። የሚቆጠረው ነጥብ በተራ ነው፤ ተራ ማለት አንድ ቡድን ኳስ ይዞ እስኪያስረክብ ያለው ጊዜ፣ ፖዘሽን የሚሉት። ከውጤት ወረቀቱ ላይ በእጅ ይሰላል፦ ከፍሪ ስሮው በቀር ወደ ቅርጫት የተሞከረው ሁሉ፣ ሲቀነስ በማጥቃት የተያዘ ሪባውንድ (ስቶ ሲመለስ አጥቂው ቡድን ራሱ የያዘው ኳስ)፣ ሲደመር የባከነ ኳስ፣ ሲደመር ፍሪ ስሮው ሙከራ በ0.475 ተባዝቶ። የማጥቃት ሪባውንድ የሚቀነሰው አዲስ ተራ ስለማይከፍት ነው፤ ያው ተራ ይቀጥላል። በ0.475 የሚባዛው ደግሞ ሁለት ፍሪ ስሮው ብዙውን ጊዜ አንድ ተራ ስለሚጨርስ፣ አንዳንዱም ከገባ ኳስ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ ነው።

58 ሙከራ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 12 የባከነ ኳስ፣ 20 ፍሪ ስሮው ይሁን። 58 − 10 + 12 + 9.5 = 69.5 ተራ። በዚህ 76 ነጥብ ያገባ ቡድን በ100 ተራ 109 ያገባል። 84 የሚያገባው ግን በ80 ተራ ከሆነ በ100 ተራ 105 ነው። ፈጣን ነው እንጂ የተሻለ አይደለም። ኬንፖም በሚባለው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ቁጥር በዚሁ መንገድ ተሠርቶ በተጋጣሚ ጥንካሬ የተስተካከለ ነው፤ እጃችሁ ላይ ሳለ ለምን በጨዋታ አማካይ ትደክማላችሁ?

የጨዋታውን ፍጥነት ለመገመት የሁለቱን ቡድን ተራ ደምሩና የአገሩን አማካይ፣ 68 ገደማ፣ ቀንሱ። 72 እና 64 ከሆኑ 68 ይወጣል። ዝግ ያለ ጨዋታ ለደካማው ይጠቅማል፤ ተራው ባነሰ ቁጥር ዕድል ቦታ ያገኛል።

የባለሜዳውን የቤት ውጤት እንዳለ መውሰድ

«ቤታቸው 9 ለ 0 ናቸው» ሲባል የኖቬምበርንና የዲሴምበርን ዝርዝር አውጡ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ትንንሾቹን ገንዘብ ከፍለው ያስመጣሉ፤ እንግዳው ለመልስ ጨዋታ አይጠበቅም፣ ብዙውን ጊዜም ተሸንፎ ቼኩን ይዞ ይመለሳል። ከ9ኙ 6ቱ እንዲህ ከሆኑ በእጃችሁ ያለው 3 ጨዋታ ነው። በተቃራኒው ደግሞ የራሳችሁ ቡድን ታህሳስ ላይ በሌላ ከተማ አዳራሽ ያሸነፈው ገለልተኛ ሜዳ ነው፤ ከሜዳ ውጭ ድል ብላችሁ አትቁጠሩት።

ያለፈው ዓመት ጨዋታ

ይህ አጭር ነው። በ2024–25 ሜሪላንድን በብሔራዊው ውድድር እስከ 16ቱ ምርጥ ያደረሱት አምስቱም ቋሚዎች ለቀጣዩ ዓመት አልተመለሱም፤ አንዱ ወደ ኤንቢኤ፣ ሁለቱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለቱ የኮሌጅ ጊዜያቸውን ጨርሰው። አሰልጣኙም ሄደ። «ባለፈው ዓመት እዚያ ስንጫወት» ብሎ የሚጀምር ግምት ማሊያን ከማሊያ ጋር ነው የሚያወዳድረው።

ጩኸቱ የሚጎዳው የት እንደሆነ አለማወቅ

አዲስ ገማቾች የተማሪዎቹ ጩኸት ፍሪ ስሮው ያስታል ብለው ያስባሉ። ልጆቹ ከቅርጫቱ ጀርባ ሲያወናጭፉ፣ አሪዞና ስቴት ደግሞ ከ2013 ጀምሮ መጋረጃ ገልጦ ጉድ ሲያሳይ በቴሌቪዥን ስለሚያዩ አይፈረድባቸውም። ግን ፍሪ ስሮው ወርዋሪ ብቻውን ነው፤ ማንንም መስማት አያስፈልገውም። በጥቅሉ የእንግዳ ቡድን ፍሪ ስሮው ከቤቱ ብዙ አይርቅም።

ጩኸቱ የሚጎዳው መስማማት የሚጠይቀውን ነገር ነው፣ ከሁሉ በላይ መከላከልን። ተጋጣሚ ስክሪን (የተከላካይን መንገድ የሚዘጋ ሰው) ሲያቆም ከኋላ ያለው ረጅሙ ልጅ «ግራ!» ወይም «ቀይር!» ብሎ መጮህ አለበት። የዱክ ሜዳ ኬመሮን ኢንዶር 9,314 ሰው ብቻ የሚይዝ ቢሆንም ተማሪው ከሜዳው ጠርዝ ላይ ስለሚቆም ያ ድምፅ አይሰማም። ማኪ አሬና ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ክብ ጣሪያው ሥር ድምፁን ሰብስቦ መልሶ ይጥለዋል። ስለዚህ ስትገምቱ «ልጆቹ ይደነግጡ ይሆን?» አትበሉ፤ ይልቅስ ጠይቁ፦ መከላከያችን በስክሪን ላይ ሰው የሚቀያየር ነው ወይስ እያንዳንዱ የራሱን የሚከተል? ኳስ የሚያወጡ ስንት ጋርዶች አሉን? አንድ ብቻ ከሆነና እሱ ሁለት ፋውል ካገኘስ?

እዚህ ላይ ፋውል ይነሳል። ከሜዳ ውጭ ፊሽካው በትንሹም ቢሆን በእንግዳው ላይ ይበዛል፤ ማልቀስ አያስፈልግም፣ አስልታችሁ ሂዱ። ከእረፍት በፊት ሁለተኛ ፋውሉን ያገኘውን ተጫዋች አብዛኛው አሰልጣኝ እስከ እረፍት ያስቀምጠዋል፤ በ5ኛው ፋውል ከጨዋታ ይወጣል። በወንዶች ጨዋታ በአንድ አጋማሽ 7ኛው የቡድን ፋውል ሲሞላ አንድ ገብቶ አንድ የሚያስጨምረው ፍሪ ስሮው ይመጣል፣ ከ10ኛው ጀምሮ ሁለት። 70 በመቶ የሚያስቆጥር ልጅ በመጀመሪያው ዓይነት በአማካይ 1.19 ነጥብ፣ በሁለተኛው 1.4 ያስገኛል። አንድ ተራ በአማካይ የሚያስገኘው 1.05 አካባቢ ስለሆነ፣ 10 ደቂቃ ሲቀር እንግዳው 10ኛውን ፋውል ከሞላ ጨዋታው በዚያች ሰዓት ተለውጧል። የሴቶቹ ሌላ ነው፤ አራት የ10 ደቂቃ ሩብ፣ በእያንዳንዱ ሩብ ከ5ኛው ፋውል ጀምሮ ሁለት ምት። የወንዶቹን ስሌት ለሴቶቹ የሚያውሉ ብዙ ናቸው።

ከፍታ

ዋዮሚንግ ላራሚ ላይ የሚጫወተው በ7,220 ጫማ ነው፤ ቁጥሩንም ለእንግዳ እንደ ማስፈራሪያ ያሳዩታል። 2,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፤ አበሻ ሲሰማው ፈገግ ቢል አይገርምም። ለባሕር ጠረፍ ልጅ ግን ቀልድ አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ የቋሚዎቹን ሳይሆን የ7ኛውንና የ8ኛውን ተጫዋች ደቂቃ እዩ።

አንዱን ጨዋታ ለብቻው ማየት

ሜሪላንድ የሚጫወትበት ሊግ፣ ቢግ ቴን፣ ከ2024 ጀምሮ እስከ ፓስፊክ ተዘርግቷል፤ የምሥራቅ ቡድኖች ምዕራብ ሲሄዱ ሁለቱን ጨዋታ በአንድ ጉዞ ያደርጋሉ። ሜሪላንድ በጃንዋሪ 2025 ዋሽንግተንንና ኦሪገንን በሦስት ቀን ልዩነት ገጥሞ ሁለቱንም ተሸንፏል። የሁለተኛውን ጨዋታ ስትገምቱ በመጀመሪያው ቋሚዎቹ ስንት ደቂቃ እንደተጫወቱ ቁጠሩ።

በኔት (የኮሌጅ ቡድኖች ይፋዊ የደረጃ ሠንጠረዥ) 60ኛ የሆነ ቡድን ሜዳ ላይ መሸነፍ ነውር አይደለም። በኔት ሠንጠረዥ ከ1 እስከ 75 ያለውን ቡድን ሜዳው ሄዶ መርታት አንደኛ ምድብ ድል ነው፤ ቤት ላይ ለዚያው ምድብ ከ1 እስከ 30 ያለውን ማሸነፍ ያስፈልጋል።

ሰዓት

ይህ የእኛው ብቻ ጣጣ ነው። «ጨዋታው 7 ሰዓት ነው» ተብሎ ሲላክ ግማሹ ማታ ይጠብቃል፣ ግማሹ በእኛ አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት ብሎ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይቀመጣል። «ከምሽቱ 1 ሰዓት በዲሲ» ብላችሁ ጻፉ። ሎስ አንጀለስ ላይ ከምሽቱ 1፡30 የሚጀመር ዲሲ ከምሽቱ 4፡30 ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድማችሁ በአሜሪካ የብርድ ወራት ሰዓት 8 ሰዓት ይቀድማችኋል፤ የዲሲ ምሽት 1 ሰዓት ለእሱ ከሌሊቱ 9 ነው።

ለመሄድ የተነሳችሁ ደግሞ፦ ማዲሰን፣ አይዋ ሲቲና ሚኒያፖሊስ ከዲሲ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው፤ ዌስት ላፋየትና ብሉሚንግተን ግን ኢንዲያና ቢሆኑም የዲሲን ሰዓት ነው የሚጠቀሙት። ርካሽ ትኬት አግኝታችሁ ቺካጎ ከወረዳችሁ ስልካችሁ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ፐርዱ ስትደርሱ ያቺ የተረፈች የመሰለቻችሁ አንዲት ሰዓት ትወሰዳለች። ኢንዲያናፖሊስ ብትወርዱ መንገዱ ወደ አንድ ሰዓት ያጥራል፣ ሰዓቱም አይቀየርም። ትኬት ስትገዙ የተማሪዎቹን ክፍል ቁጥር አስቀድማችሁ ለዩ፤ ቀይ ማሊያ ለብሶ እነሱ መሀል ተቀምጦ ጨዋታ ማየት አይቻልም፣ እነሱ አይቀመጡማ።