በግቢዎ የዘነበውን ዝናብ ለሳይንቲስቶች በሚጠቅም መንገድ እንዴት ይለካሉ?

ግንቦት ላይ አንዱ ሰፈር ዶፍ ሲወርድበት ማዶ ያለው ሰፈር አቧራው እንኳ ሳይርስ መዋሉን ያላየ ሰው የለም። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ግን ተራርቀው የቆሙ ናቸው፤ ሳተላይትም የዝናቡን መጠን በአብዛኛው ከደመናው ሁኔታ ተነሥቶ ስለሚገምት በተለይ በተራራማ አካባቢ ይሳሳታል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚረዱ መንገዶች አንዱ ተራ ሰዎች በየግቢያቸው ለክተው የሚይዙት የዕለት መዝገብ ነው።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በፎርት ኮሊንስ ከተማ፣ ጁላይ 28 ቀን 1997 (ሐምሌ 21 ቀን 1989 ዓ.ም.) በደረሰው ጎርፍ አምስት ሰዎች ሞተዋል። በከተማዋ አንድ ወገን ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲወርድ ሌላው ወገን ያገኘው መጠነኛ ዝናብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአየር ንብረት ባለሙያው ኖላን ዶስከን ኮኮራዝ የተባለውን የበጎ ፈቃደኛ ዝናብ መዝጋቢዎች መረብ የጀመሩት ከዚህ ተነሥተው ነው። በእኛም አገር በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንገሽታ ቀበሌ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውኃን ጥልቀት ሲመዘግቡ ቆይተዋል፤ ተመራማሪዎቹም መረጃውን ከመደበኛ ምንጮች ጋር አስተያይተው ጥራቱ የማይተናነስ ሆኖ አግኝተውታል።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። ከአፉ እስከ ታቹ ስፋቱ እኩል የሆነና ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ማንኛውም ዕቃ ያገለግላል፤ በውስጡ የተጠራቀመው ውኃ ከፍታው በማስመሪያ ሲለካ የሚገኘው ሚሊ ሜትር ራሱ የዝናቡ መጠን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ስለሆነ የዕቃው ትልቅነት ወይም ትንሽነት ውጤቱን አይለውጠውም። የዕቃው ቅርጽ እኩል ካልሆነ ግን ውኃውን ከፋርማሲ በሚገዛ ሲሪንጅ እየሳቡ በሚሊ ሊትር ይለኩና በካሬ ሴንቲ ሜትር ለተሰላው የአፉ ስፋት ካካፈሉ በኋላ በ10 ያባዙት። ለምሳሌ የአፉ ስፋት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሆናል። እኔ ለካፊያ ቀን ከማስመሪያው ይልቅ ሲሪንጁን አምናለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቦታ መረጣ ላይ ነው። መለኪያው ከቤትም ሆነ ከዛፍ ቢያንስ የዚያን ነገር ቁመት ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ 4 ሜትር ከፍታ ካለው ቤት 8 ሜትር እንደማለት ነው። በአዲስ አበባ ጠባብ ግቢዎች ይህ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንዲያ ከሆነ የተሻለውን ቦታ ይምረጡና ከግድግዳውና ከባሕር ዛፉ ምን ያህል እንደሚርቅ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝና ከአሸንዳ ሥር ግን ፈጽሞ አይቀመጥም። መሬት ነጥሮ የሚረጨው ጠብታ እንዳይገባበት አፉ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሳይዘነበል፣ በእንጨት ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ማንበብ ግዴታ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩ ልማድ ነው። ዓይንዎን ከውኃው ጋር ትይዩ አድርገው ሲያዩ የውኃው ጠርዝ በዕቃው ግድግዳ ላይ ጥቂት ወጣ ብሎ መሐሉ ጎድጎድ ይላል፤ የሚነበበው ጎድጓዳው መሐል ነው። ከዚያ መጀመሪያ ይጻፉ፣ ቀጥሎ ይድፉ። እኔ አንድ ሐምሌ ጠዋት ቀድሜ ደፍቼ ብዕር ፍለጋ ቤት ስገባ 17 ይሁን 19 ጠፍቶብኝ የዚያ ቀን ሳጥን ባዶ ቀርቷል። በረዶ ከወረደ እስኪቀልጥ ይጠብቁ፤ ዕቃው ሊሞላ ከደረሰ ደግሞ በመሐል ለክተው፣ ጽፈውና ደፍተው በማግሥቱ ከሚያገኙት ጋር ይደምሩት።

ተመራማሪዎች ከትልቁ ዝናብ እኩል የሚፈልጉት ዜሮውን ነው። ያልዘነበበት ቀን «0» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ባዶ ሳጥን «አልለካሁም» ማለት ስለሆነ ሁለቱ ከተቀላቀሉ የድርቁን ርዝመት ማወቅ አይቻልም። ጎረቤት ጋ ለቅሶ ደርሰው ሦስት ቀን ሳያነቡ ከቀሩም የተጠራቀመውን ለሦስት አያካፍሉት፤ «የ3 ቀን ድምር» ብለው እንዳለ ይመዝግቡት። በአምስትና በአሥር ማጠጋጋትም አያስፈልግም፤ በአንድ መዝገብ ላይ 5፣ 10፣ 15 እየተደጋገሙ ሲመጡ ባለሙያው በዓይን ግምት የተጻፉ መሆናቸውን ቶሎ ይጠረጥራል።

ከሁሉ ይልቅ በእኛ ዘንድ ጣጣ የሚያመጣው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «6/11» ብለው ሐምሌ 6ን ቢጽፉ አንዱ ኖቬምበር 6፣ ሌላው ጁን 11 አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ «3 ሰዓት» የሚለውንም የውጭ ተመራማሪ ሌሊት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፣ አቆጣጠሩ የትኛው እንደሆነ በየገጹ አናት ላይ ያስፍሩ፣ ጳጉሜንንም አይዝለሉ። የለኩት ውኃ አብዛኛው ትናንት የዘነበ ቢሆንም ቀኑ ያነበቡበት ቀን ነው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት በአቅራቢያዎ ካለ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ወይም የግብርና ክፍል፣ አለዚያም ከሜትሮሎጂ ጽሕፈት ቤት ጋር ቢነጋገሩ መዝገቡን በምን መልክ እንደሚፈልጉት ይነግሩዎታል። አሜሪካ ወይም ካናዳ የሚኖሩ አንባቢዎች በቀጥታ በኮኮራዝ መመዝገብ ይችላሉ፤ እዚያ ግን በቤት የተሠራ ዕቃ ተቀባይነት ስለሌለው አፉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 4 ኢንች የሆነውን መለኪያ መግዛት ያስፈልጋል። ደብተሩን ራሱን ለማንም አሳልፈው አይስጡ፤ በየወሩ መጨረሻ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይላኩ።