ያገለገለ ዕቃ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

ያገለገለ ዕቃ ከነካርቶኑና ከነመመሪያው አይመጣም፤ ገዢው የሚያምነው ባለ ሱቁን ነው። ሱቅዎ ደሴ ፒያሳም ይሁን ሸዋ በር፣ የተረከቡትን ዕቃ መደርደሪያ ላይ ከማውጣትዎ በፊት እንዲህ ይፈትሹት።

1. ሲረከቡ ይጠይቁ
ለምን ተሸጠ? ተጠግኖ ያውቃል? የሻጩን ስም፣ ስልክና ቀኑን ደብተር ላይ ያስፍሩ። ከተሰረቀ ዕቃ ጣጣም ያድናል።

2. ከጀርባው የተጻፈውን ያንብቡ
እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆች ይዘውት የሚመጡት ዕቃ ደግሞ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። የሳዑዲ ቤቶች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙት 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነበር፤ ወደ 230 ቮልት የመዞሩ ሥራ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። 127 ቮልት የሚል ካውያ እዚህ ቢሰካ ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ልብሱን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል። «100-240» የሚል ከሆነ ችግር የለውም። «110» ወይም «127» ብቻ ካለ ግን ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ሳይኖረው አይሽጡት። ስታቢላይዘር ይበቃል የሚልዎትን አይስሙ።

3. ምጣድና ማሞቂያ
ደሴ ብርድ ነውና ማሞቂያ ሳያድር ይሸጣል። አብርተው በጥንቃቄ ያጋድሙት፤ ራሱን ካላጠፋ ይህንኑ ለገዢው ይንገሩ። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ ቀጭን ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። በፕላስተር ላይ ፕላስተር መጨመር ጥገና አይባልም።

ከዚያ ስፒናውን ከሶኬት ነቅለው፣ የዕቃውን ማብሪያ ክፍት አድርገው፣ በቴስተር (ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ በሚጮኸው መለኪያ) ይለኩ። አንዱን ጫፍ የምጣዱ ብረት ላይ፣ ሌላውን ተራ በተራ በሁለቱ የስፒና እግሮች ላይ ያድርጉ። ከጮኸ ምጣዱ ይነዝራል ማለት ነው፤ አይሽጡት። በኧርዙ ላይ ግን መጮህ አለበት፤ ዝም ካለ የመሬት ሽቦው ተቆርጧል ወይም ከመጀመሪያውም አልተገናኘም። ካለፈ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያብሩትና ነቅለው ስፒናውን ይዳስሱ። የሚፋጅ ከሆነ የላላ ነገር አለ፣ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩት።

4. የልጆች ዕቃ
በሕፃን አልጋ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲሜትር አይብለጥ። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ ሕፃናትን በመግደሉ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ሽያጩን ከልክላለች፤ እርስዎም አይቀበሉት። አሻንጉሊት ውስጥ ያለች የቁልፍ ቅርጽ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ክዳኗ በብሎን ካልታሰረ ባትሪዋን ያውጡ። የሰልባጅ ጃኬት ቆብ ላይ ያለውን ማሰሪያም መዝዘው ይጣሉት።

5. ጉድለቱን በደረሰኝ ላይ ይጻፉ
የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። «ቴርሞስታቱ ተቀይሯል»፣ «ኧርዝ የለውም» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋላ ከሚነሳው ጭቅጭቅም ይገላግላል።

የማይጠገነውን ለቆራሌው ሲሰጡ ገመዱን ከሥሩ ይቁረጡት። ካልተቆረጠ ተወልውሎ በሌላ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።