ጅማ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ሲያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ዕድሜውን አጣሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ወላጆቹ ፈቅደዋል፣ ራሱ ለምኖኝ ነው፣ ችግረኛ ነው ቢባል ለውጥ የለውም። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለው ስንተኛ ክፍል እንደነበርና መቼ እንዳቋረጠ ጠይቁት፣ ቢያንስ ግምት ታገኛላችሁ።

ከ15 እስከ 18 ያለው መቀጠር ይችላል፣ ግን በልክ። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የበዓል ቀን፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ክልክል ነው። ስለዚህ ጠዋት ምግብ ቤቱን ከፍቶ፣ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ድስት ሲፈትግ የምታገኙት ልጅ «ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ነው» ቢባልለትም ሕጉ ተጥሷል። መጋዘን ውስጥ የቡና ጆንያ የሚሸከመውም እንደዚያው፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት ሕጉ በስም ከጠቀሳቸው አደገኛ ሥራዎች አንዱ ነው። ጋራዥ ያለውስ? «ሙያ እየለመደ ነው» ይሏችኋል። አዋጁ የተለየ ፈቃድ የሚሰጠው ግን በታወቀ ማሠልጠኛ ተመዝግበው ለሚማሩ ነው እንጂ በናፍጣ ዕቃ ለሚያጥብ ሁሉ አይደለም።

አስቸጋሪው የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፣ እኔ በበኩሌ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ይመስለኛል። ከዳውሮ ወይም ከከፋ «ላስተምራት» ተብላ የመጣችው ልጅ እዚህ ውስጥ ናት። ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ አለላት፦ አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠሩ ይላል። ታዲያ ጎረቤት ቡና ስትጠጡ በዘዴ አንሱት፣ «እትዬ፣ ልጅቷ ትምህርት ጀመረች?» በሉ። ደብተር አላት? ስንት ሰዓት ትተኛለች? ደመወዟን ማን ነው የሚይዝላት? «ደላላው» ከተባላችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። ከትምህርት መልስ ዕቃ ማጠብና ቤተሰብን ቡና ለቀማ ማገዝ ሌላ ነገር ነው፣ ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቁ።

ወደ ማን ትሄዳላችሁ? ድርጅት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የከተማው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ሳያስታውቅ ገብቶ የማየት ሥልጣን አለው። ድብደባ፣ መቆለፍ ወይም ጥቃት ካለ ግን ቀጥታ ፖሊስ ጋ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን ጠይቁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ሂዱ፣ «ሰው ነገረኝ» ብቻ ብዙ አያራምድም።

የልጁን ፊት ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፉ፣ በእናታችሁ። አሠሪው በዚያው ማታ ያባርረውና ሌላ ቦታ፣ ምናልባት የባሰ ቦታ፣ ይገባል። ከማመልከታችሁ በፊት ቤተሰቡ የት እንዳለ፣ ሲወጣ የት እንደሚያድር ጠይቁ። ያልተከፈለው ደመወዝ ካለም የስንት ወር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፣ ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ የሠራበት ገንዘብ አይቀርበትም።