የአያት ሳጥን ሲከፈት፦ ጠገራና አሮጌ ሳንቲም ለሚሰበስቡ

ሳጥኑን ባለቤቱ በሌለበት አትክፈቱ። ይህ ከማጉያ መነጽሩም ከሚዛኑም ይቀድማል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ወረንጦና ማጉያ ስላለኝ ነው መሰል፣ አሮጌ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ወደኔ ይመጣል። አንዳንዱ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ አንዳንዱ በመሀረብ ቋጥሮ። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ "ሁላችሁም ኑ" እላለሁ። አንዱ ተደብቆ ያመጣውን አልነካም። ነገ ጠብ ሲነሳ ለምስክርነት የምጠራው እኔ ነኛ!

መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አዘጋጁና ወፍራም ጨርቅ አንጥፉበት። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቡናው ይቆይ።

ክዳኑ ሲነሳ ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አንድ ነገር ባወጣችሁ ቁጥር ደግማችሁ አንሱ። ሰው ታች ያለውን ብር ለማየት ይቸኩልና ላይ ያለውን ወረቀት ወዲያ ይወረውራል። እኔ የምናደደው በዚህ ነው። የኛ አገር ሳጥን ሲከፈት መጀመሪያ ብቅ የሚለው ብዙ ጊዜ የግብር ደረሰኝ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ብሎ አምጿል። የዚያን ዘመን ደረሰኝ ካገኛችሁ የከፋዩ ስም አለበት፣ ወረዳው አለበት፣ የከፈለው ገንዘብ አለበት። እሱን የመሰለ ሌላ የለም። ጠገራ፣ ያ አሮጌው የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ግን በሚሊዮን ተመትቷል። ስለዚህ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ደረቅ ፖስታ ውስጥ አስገቡ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ የተጨማደደውንም አትተኩሱ።

ቀጥሎ ቋጠሮው ይመጣል። በቢላ አትቁረጡት፤ በወረንጦ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ፍቱት። አብረው የተቋጠሩ ሳንቲሞች አንድ ፖስታ ውስጥ አብረው ይቆዩ። ምክንያት አለኝ። ጠገራ ለብቻው ሲሆን ዕድሜውን አይናገርም። የትኛውንም ብታነሱ የተጻፈበት 1780 ነው፤ እሱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሲመታ ዓመተ ምሕረቱ አልተቀየረም። አብሮት በኛ አቆጣጠር 1936 የሚል ሃምሳ ሳንቲም ከተገኘ ግን ቋጠሮው የታሰረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ማለት ነው። ሳንቲሞቹን ካደባለቃችኋቸው ይህን የሚነግራችሁ የለም።

አሁን ማጉያውን አንሱ። ደህና ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል። ማግኔት አይስበውም። ጠርዙ ላይ ፊደል ተቀርጾበታል፤ ሐሰተኛው ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ የለም። ላዩ እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይን ካወጣ በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ የተመታ ብር እንዲህ አይሆንም። የድሮ ሰዎች የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁ ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር ይባላል፤ እናንተም እዚያ ላይ ቆም በሉ። የአንገት ጌጥ ሆኖ የኖረ ጠገራ ቀለበት ተበይዶበት ይገኛል። ሰብሳቢ ለእሱ ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ግን እወደዋለሁ።

የምኒልክ ብር ከሆነ ቁጥሩ በግዕዝ ነው። ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889 ነው። የተመታው ፓሪስ ነው። ግማሹ አላድ ይባላል፤ ትንንሾቹም አሉ። እነሱ ከሳጥኑ ማዕዘን ከአቧራ ጋር ስለሚጣበቁ አቧራውን በወረቀት ላይ አራግፋችሁ እዩ።

የጃንሆይን ሃያ አምስት ሳንቲም ስታገኙ ጠርዙን እዩ። መጀመሪያ የወጣው ክብ ነበር። ሰው ብር እየቀባ ሃምሳ ሳንቲም ነው እያለ ማጭበርበር ሲጀምር ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ ተደረገለት። ሁለቱም ላይ ያለው ዓመት 1936 ስለሆነ በዓመቱ አትለዩዋቸውም።

አትጠቡ። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ምንም። የሚያብረቀርቅ ጠገራ ለሰብሳቢ የተፋቀ ጠገራ ነው። አንዲት እናት ቋጠሯቸውን ይዘው መጥተው፣ "ልሸጠው ብየ አይደለም፤ የእናቴ ጥሎሽ ነው፤ ላጥበው ወይ?" አሉኝ። "እማማ፣ እንዳለ ይቀመጥ" አልኳቸው። "ጥቁረቱስ?" አሉ። ጥቁረቱ ብሩ ከአየር ጋር የኖረበት ዕድሜ ነው፤ ብሩን አይበላውም። አረንጓዴ የያዘው የመዳብ ሳንቲም ግን ሌላ ነው፤ እሱን ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት። ሁሉንም በወረቀት ፖስታ እንጂ በላስቲክ አታስቀምጡ።

ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ወይም ጽዋ ከወጣ እዚያው አቁሙ። ይህ የሰብሳቢ ነገር አይደለም። ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይነገር። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። "ውጭ አገር ገዢ አለኝ" የሚል ደላላ ከመጣ በሩን አሳዩት።

በመጨረሻ ዝርዝር ጻፉ፤ ምን ወጣ፣ ከየትኛው ቋጠሮ፣ ስንት ግራም። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከነፎቶው ለባለቤቱ ይሰጥ። ስለ ዋጋ የሚወራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ራሱ ካነሳው።