የአደጋ ቁጥሩን ከፖሊስ እንዴት አገኘሁ

የሰፈራችን መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራልን ለማመልከት እዚያ ስንት የትራፊክ አደጋ እንደደረሰ የሚያሳይ ቁጥር ያስፈልገን ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ስጠይቅ «ምስጢር ነው» ተባልኩ፣ አለቀ።

ነገሩ የተፈታው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ ሳመለክት ነው። በአዋጁ ማንኛውም ሰው መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ዋናው ዘዴ ግን ጥያቄውን ማጥበብ ነው፦ ስም አልጠየቅኩም፣ የምርመራ መዝገብም አልጠየቅኩም፣ በዓመት ስንት አደጋ፣ የትኛው ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በቃ። በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይና የሰው የግል መረጃ ሊከለከል ስለሚችል ሰበብ አትስጧቸው። ቅጂያችሁ ላይ ማህተምና ቀን አስመቱ (አለዚያ «ደብዳቤው አልደረሰንም» ይመጣል)። እምቢ ካሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። እኔ እዚያ ሳልደርስ የአደጋዎቹን ቁጥር በሠንጠረዥ ሰጡኝ።