አሮጌ የጀልባ ሞተር ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዘጌ ስመለስ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጣና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጠባዩ ይለወጣል። ሞተሬ አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ሳሳና ጭጭ አለ። ገመዱን ስቤ ስቤ ትከሻዬ ዛለ። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታሁ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ነካካሁ፣ አንዷን ብሎን ሐይቁ ውስጥ ጣልኳት። በዚህ መሃል እንጨት የጫነ ታንኳ አጠገቤ ደረሰ። ቀዛፊው ትንሽ ሲያየኝ ቆየና፣ «ወንድሜ፣ ነዳጅ አልቆብህ እንዳይሆን?» አለኝ።

ነዳጅ አላለቀም። ያለቀው አየር ነበር።

የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ላይ ትንሽ የአየር ማስገቢያ አለች። እሷን ሳልከፍት ነው የተነሳሁት። ቤንዚኑ በቀነሰ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ታንከሩ ቤንዚኑን አልለቅም ይላል። ሞተሩ ካርቡራተር ውስጥ ያለችውን ጨርሶ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በእጅ የምትጨመቀው የነዳጅ ጎማ ተጣብቃ ጠፍጣፋ ትሆናለች።

ከመፍቻ መጀመር

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ይሄው የኔው ነው። ሞተር እምቢ ሲል እጃችን ቀጥታ ወደ መፍቻ ይሄዳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! መጀመሪያ የአየር ማስገቢያዋን እዩ። የነዳጅ ጎማዋ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከቱን እዩ። ማርሹ ነፃ ላይ መሆኑን እዩ። ማጥፊያው ላይ የምትሰካዋ፣ ከነጂው እጅ ጋር በገመድ የምትታሰረዋ ቀይ መቆለፊያ በቦታዋ መኖሯንም እዩ። እሷን ረስቶ ግማሽ ቀን ካንዴላ ሲቀያይር የዋለ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጎረቤቴ ነው።

እሳት፣ ማለትም የካንዴላ ብልጭታ፣ መኖሩን ስትፈትሹ ደግሞ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ ሞክሩ እንጂ አየር ላይ አንጠልጥላችሁ አይሁን። ቤንዚን የፈሰሰበት ጀልባ ውስጥ ከሆናችሁ ጭራሽ አትሞክሩት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል። አንድ ብልጭታ ትበቃዋለች።

የሃይላንድ ቤንዚን

ማደያው ጋ ሰልፍ ሲረዝም ሁላችንም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን ገዝተናል። መግዛቱ ላይ አልፈርድም። ሳያዩ ታንከር ውስጥ መገልበጡ ነው ስህተቱ። ጥቂቱን በብርጭቆ ቅዱና አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ውሃው ከታች ይዘቅጣል፤ መስመሩ በዓይን ይታያል። ለወራት የተቀመጠ ቤንዚንም ሽታው ይለወጣል፣ ሙጫም ይሠራል።

ያ ሙጫ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ነሐስ ይደፍናታል። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ጥፋት የሚመጣው፤ ቀዳዳዋን በሽቦ መጎርጎር። ነሐስ ለስላሳ ነው። ቀዳዳዋ የፀጉር ያህል ከሰፋች ሞተሩ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ይጠግባል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ እናንተም ምክንያቱን ስትፈልጉ ትኖራላችሁ። ባሕር ዳር ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ክር አይጠፋም። በእሱ አጽዱ፤ ከዚያ በአየር ንፉ።

ዘይት በግምት

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ይፈልጋሉ፤ ለ20 ሊትር ጄሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የቆዩት ግን 25 ለ 1 የሚሉ አሉ፤ ያ እጥፍ ነው፣ 800 ሚሊ ሊትር። የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ ወይም ታንከሩ ላይ ተጽፏል። «ዘይት በዝቶ አይጎዳም» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ይጎዳል። ካንዴላ ያቆሽሻል፣ ጭስ ያበዛል፣ የቤንዚኑንም ድርሻ ይቀንሳል። የመኪና ዘይት መጨመር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ውስጡ ያሉት ማዕድናት ሲቃጠሉ አመድ ትተው ይሄዳሉ፤ አመዱ ፒስተን ላይ ይጋገራል። ለጀልባ ሞተር የተሠራው ዘይት ዕቃው ላይ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት አለው።

ጣና ባሕር ጠረፍ ላይ እንዳልሆነ መርሳት

ይቺ የኔ ተወዳጅ ርዕስ ናት፣ ታገሡኝ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሒሳቡን ሥሩት፤ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሞተር እኛ ጋ 12 ገደማ ነው። ሞተሩ አልሰነፈም፣ ሻጩም አልዋሸም።

ሰው ግን ሞተሩ ሲደክምበት «ቤንዚን አልደረሰውም» ብሎ ካርቡራተሩን ይከፍታል። ተቃራኒው ነው። አየሩ ስላነሰ ቤንዚኑ በዝቶበታል። ካንዴላውን ፍቱት፤ ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ የበላው በዝቷል ማለት ነው። መፍትሔው ቀዳዳዋ አነስ ያለች ነሐስ መግጠም ነው፤ ሚኒሞውንም፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ብሎን፣ ትንሽ በትንሽ ማስተካከል። ሞተሩ ይሙቅ፣ ጀልባው ውሃ ላይ ይሁን፣ ብሎኗን ከሩብ ዙር በታች እያንቀሳቀሳችሁ ጆሯችሁን ስጡት። አብዝታችሁ ካጠበባችሁ ግን አደጋ አለው። ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ይቀንሳል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ፒስተን ይበሳል።

ሌላም አለ። ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር የተመረጠው ለሙሉ ጉልበት ነው። ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ዙሩ ካልደረሰ ክንፎቹ ጥምዘታቸው አነስ ያለ ፕሮፔለር ቀይሩ። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር አዲስ ሞተር ዋጋ ሲጠይቅ አይቻለሁ።

ደረቅ ላይ ማስነሳት

«እስቲ ድምፁን እንስማው» ብለው ግቢ ውስጥ የሚያስነሱ አሉ። የውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ባለ ክንፍ ጎማ የምትለሰልሰው በውሃው ነው። በደረቅ ስትሽከረከር በሰከንዶች ውስጥ ትላጣለች። መሞከር ካስፈለገ በርሜል ውሃ አምጡና እግሩን ንከሩት።

ሞተሩ ሲነሳ ከኋላ በኩል ቀጭን ውሃ መርጨት አለበት። ካልረጨ አጥፉ። መጀመሪያ የምትረጨዋን ቀዳዳ ራሷን እዩ፤ ጭቃ ይደፍናታል። ቀጥሎ ከታች ውሃ የሚገባባቸውን ወንፊቶች። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ለሚነዳ ሰው ይሄ የየዕለት ሥራ ነው። አረሙ ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ ሞተሩን አጥፉና እግሩን አንሥታችሁ ጥረጉ። የፓምፑን ጎማ ስትቀይሩ ክንፏ የተቆረጠ ከሆነ ቁራጩን ሳታገኙ አትግጠሙ። ውስጥ ቀርቶ የውሃውን መንገድ ይዘጋል።

ሚስማርና መዶሻ

በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ ድንጋይ ይበዛል። ትንንሽ አሮጌ ሞተሮች ፕሮፔለሩን የምትይዝ ለስላሳ ፒን አላቸው። የተሠራችው ለመሰበር ነው፤ ድንጋይ ሲመታ እሷ ተሰብራ ማርሹን ታድናለች። በቦታዋ ሚስማር የሚከት ሰው በጥቂት ብር ፒን ፈንታ ማርሽ ይገዛል። ሁለት ትርፍ ፒን ኪሳችሁ ይኑር።

ፕሮፔለሩን ባወለቃችሁ ቁጥር ከኋላው የመረብ ክር መጠምጠሙን እዩ። ክሩ የዘይት ማሸጊያውን ይቆርጥና ውሃ ያስገባል። የማርሹ ዘይት ሲቀዳ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ዘይት መቀየሩ ብቻውን አይበቃም፤ ማሸጊያው ይቀየር። አዲሱን ዘይት ስትሞሉ ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ግፉት፤ ከላይ ካፈሰሳችሁት አየር ታስቀራላችሁ።

መዶሻን በተመለከተ አጭር ልበል። ላይኛውን ከባድ ጎማ የሚመስል ብረት፣ ፍላይዊሉን፣ በመዶሻ መትታችሁ አታውልቁ። ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ዘንጉ ይጎብጣል። ፑለር የሚባለውን ማውለቂያ ተዋሱ።

የሰጠመን ሞተር ፀሐይ ላይ ማስጣት

ባለፈው ዓመት የአንድ ወዳጄ ሞተር መያዣዎቹ ላልተው ወደብ አጠገብ ሰጠመ። ጥልቁ ቦታ ስላልነበር ወዲያው ወጣ። ሁሉም «ፀሐይ ላይ ይድረቅ» አለ። እኔም ከባዮቹ አንዱ ነበርኩ። ብዙ ዘመን ሞተር የሠሩ አንድ ጋሼ ግን ተቆጡ፤ «ዛሬ የማትፈታው ከሆነ መልሰህ ውሃ ውስጥ ክተተው!» አሉት። የቀለዱ መስሎን ሳቅን።

አልቀለዱም። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አብረው ሲያገኙት ነው። የጠለቀ ሞተር በንጹሕ ውሃ እንደተነከረ ቢያድር፣ ከነእርጥበቱ አየር ላይ ከሚያድር ይሻለዋል። ሲሠራ ሳለ ከሰጠመ ደግሞ ገመዱን በግድ አትሳቡ። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይታመቅም፤ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የሚነክስ ነገር ካለ አቁሙ። በነፃ ከዞረ ውሃውን አስወጡ፣ ካርቡራተሩን አጽዱ፣ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ጨምሩ፣ ከዚያ በዚያው ሰዓት አስነሱት። ተነስቶ በደንብ እስኪሞቅ ይሥራ።

የወዳጄ ሞተር በርሜል ውስጥ አደረ። በማግሥቱ ጋሼው መጥተው እየተቆጡ አሠሩን። በአራተኛው ስበት ተነሳ፤ ጭሱ ግን አካባቢውን ሸፈነው። እሳቸው እጃቸውን እየታጠቡ፣ ሞተሩን ከጀልባው ጋር በገመድ እንዲያስረው ነገሩት። እስካሁን አላሰረውም።