ለበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ የሚያሰባስብ የወዳጆች ማኅበር እንዴት ይቋቋማል?

ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ ወይም የሕፃናት ማሳደጊያ ከጎኑ የሚቆሙ ወዳጆች ሲኖሩት አቅሙ ይጠነክራል። የሉቭር ሙዚየም ወዳጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1897 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬም በአባላቱ መዋጮ የጥበብ ሥራዎች እየገዛ ለሙዚየሙ ያበረክታል። እንዲህ ያለ ዕድሜ የሚገኘው ገና ከጅምሩ ነገሮችን በወረቀት በማስፈር ነው።

መጀመሪያ ለጉዳዩ ከልባቸው የሚያስቡ ጥቂት ሰዎችን ሰብስቡና ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ። የድርጅቱ ሠራተኛ ገንዘብ ያዥ ባይሆን ይመረጣል፤ ሰጪና ተቀባይ አንድ ሰው መሆን የለበትም።

ቀጥሎ ከድርጅቱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ብዙዎች በቃል ተስማምተው የሚያልፉት፣ በኋላም የሚጣሉበት እዚህ ላይ ነው። የማውቀው አንድ ማኅበር ለአንድ ክሊኒክ የአልትራሳውንድ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆየ። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ክሊኒኩ መሣሪያውን ከሌላ ለጋሽ አገኘ። ክሊኒኩ «ገንዘቡን ለደመወዝ እናውለው» አለ፤ ለጋሾቹ ደግሞ «እኛ የሰጠነው ለመሣሪያ ነው» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። ስለዚህ በሰነዱም፣ በምትበትኑት ወረቀት ሁሉም ላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «የተሰበሰበው ገንዘብ ከሚያስፈልገው ከበለጠ፣ ካልሞላ ወይም ዕቃው በሌላ መንገድ ከተገኘ፣ ገንዘቡ ለድርጅቱ ተመሳሳይ ሥራ ይውላል።»

በዚያው ሰነድ ውስጥ በድርጅቱ ስምና ዓርማ እንዴት እንደምትጠቀሙ፣ ማስታወቂያችሁን ማን አይቶ እንደሚያጸድቅ፣ ድርጅቱም ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ በየስንት ጊዜው እንደሚያሳውቃችሁ ይስፈር። የመሣሪያው ጥገናና ማስኬጃ በማን እንደሚሸፈንም ጠይቁ። ሰው ለሚታይ ዕቃ በደስታ ይሰጣል፤ ለመለዋወጫ ግን እጁ አይፈታም። ጥገና ያጣ መሣሪያ ደግሞ ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል።

የምዝገባና የገንዘብ ማሰባሰብ ሕግ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ያላችሁበትን አካባቢ ሕግ አጣሩ። በማኅበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ወጪው ዘመዳሞች ባልሆኑ ሁለት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ ይሁን። «ለጊዜው በእኔ ሒሳብ ይግባ» የሚለውን ቅን ሐሳብ፣ ያቀረበው ሰው የቱንም ያህል ቢታመን፣ አትቀበሉ።

ገንዘብ ማሰባሰቡን በትልቅ ድግስ አትጀምሩ። የአዳራሽ፣ የድምፅ መሣሪያና የምግብ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። አነስተኛ ወርኃዊ መዋጮ ይሻላል፤ ድርጅቱም በየወሩ የሚገባውን አውቆ ያቅድበታል። ዝግጅት ማድረጋችሁ ካልቀረ ወጪውን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ውጤቱንም በተጣራው ገቢ ለኩ።

የመዋጮ ሣጥን ካላችሁ፣ ሣጥኑ የሚከፈተው ሁለት ሰዎች ባሉበት ይሁን። ብሩን በየዓይነቱ ለዩ፤ አንዱ ሲቆጥር ሌላው ይመዝግብ፣ ከዚያ ተቀያይራችሁ ድገሙት። ድምሩ ከገጠመ ሁለታችሁም ከክፍሉ ሳትወጡ ፈርሙ፤ ገንዘቡም ሳይነካ ባንክ ይግባ። ከእሱ ላይ የታክሲ ወይም የፎቶ ኮፒ አትክፈሉ፤ ወጪ ከባንክ በደረሰኝ ይውጣ። ለመዝገብ ኤክሴል ጥሩ ነው፤ ለደረሰኝ ግን ተከታታይ ቁጥር የታተመበትን ጥራዝ እመርጣለሁ፤ አንድ ቅጠል ቢጎድል ወዲያው ይታወቃል።

ለጋሾችን ሳይውል ሳያድር አመስግኑ፤ ገንዘባቸው የሠራውን ሥራም ንገሯቸው። ትንሽ የሰጠውም ሰው ይነገረው።

ለድርጅቱ ስታስረክቡ በባንክ አስተላልፉ፤ የገንዘቡን መጠንና ዓላማ የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዙ። ድርጅቱ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አኑሩ፤ ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።